አኳሪየም እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከጥቅምት እስከ ጥቅምት

የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓሦቼ በአምስት ቀን አለቁ። በቀን አንድ። ገዝቼ በመጣሁበት ዕለት ማታውኑ ገንዳውን ሞልቼ፣ መብራቱን አብርቼ ለቀቅኳቸው። ሻጩም "ችግር የለውም፣ ዛሬውኑ ይገባሉ" ብሎኝ ነበር። ውሃው ጥርት ብሏል። መስታወቱ ያብረቀርቃል። ያለቀለት ነገር ነበር የሚመስለው። በስድስተኛው ቀን ባዶ ገንዳ ፊት ቁጭ ብዬ ቡና ጠጣሁ።

ያደረግኩት ነገር ሊጡን ዛሬ አብኩቶ ዛሬውኑ ምጣድ ላይ እንደማፍሰስ ነው። አኳሪየምም መቡካት አለበት። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ ሳሎን የምሰጣችሁ መልስ ይሄ ነው። ውሃው ዓሣ ለመቀበል ሁለት ወር ይፈልጋል። መልክ ለመያዝ ስድስት ወር። እናንተ ራሳችሁ ሶፋ ላይ ተደግፋችሁ "እሺ፣ አሁን ደረሰ" እስክትሉ ደግሞ ዓመት። ሞቃት አገር ያሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ደረጃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጨርሱታል። እኛ ብርድ አለብን።

መጀመሪያ ገንዳው

"ትንሿን ልግዛና ልሞክር" ማለት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። አይደለም። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል። አንድ ዓሣ ሞቶ ሳታዩት ቢያድር 20 ሊትር ውሃ ይመረዛል፤ 100 ሊትር ግን ይችለዋል። የእኔ ገንዳ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር ነው። መርካቶ መስታወት ቤት ሄጄ ባለ 8 ሚሊሜትር አስቆረጥኩ፣ እዚያው አጣበቁልኝ። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት መሆን አለበት። ያ መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ነው። የኮምጣጤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት አቆዩት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሞልታችሁ ሁለት ቀን እዩት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ያፍስ።

ክብደቱን አትናቁት። ውሃው፣ መስታወቱና አሸዋው ሲደመር አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል። ከቺፑድ የተሠራ የቲቪ ማስቀመጫ ይህን አይሸከምም። በያጅ ጋ ሄዳችሁ የብረት መቆሚያ አሠሩ፣ ግድግዳ ጥግ አቁሙት፣ በውሃ ልክ ለኩት። ከሥሩ ስስ ፎም አንጥፉ። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት፣ አለበለዚያ በወሩ አረንጓዴ ሾርባ ይሆናል። ቡና ከሚፈላበት ጥግም አርቁት። ኤር ፓምፕ የቤቱን አየር ስቦ ነው ውሃው ውስጥ የሚያስገባው፤ የዕጣኑን ጭስም አብሮ ይስባል። የበረሮ ስፕሬይ ደግሞ ጭራሽ እዚያ ክፍል ውስጥ አይነፋ። ለዓሣ ከዚያ የከፋ ነገር የለም።

አሸዋና ድንጋይ

ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው። የግንባታ አሸዋ ይሆናል፣ ግን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት። የእኔ አሥራ አራት ባልዲ ፈጀ። ድንጋይ ስትመርጡ ሎሚ ጭመቁበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ውሃውን ይቀይረዋል፤ ተዉት። አረፋ ካላወጣ አስገቡት።

አንድ ምክር ግን አለኝ። ሰፈራችሁ ውስጥ የሚሠራ ሕንፃ ካለ በር ላይ ሬድ አሽ ተቆልሎ ታገኛላችሁ። አንድ ፌስታል ለምኑ። ያ ቀይ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ውሃውን የሚያጣራው ፊልተር ውስጥ ሲገባ መርዙን ለሚበላው ባክቴሪያ ሺህ ጎጆ ማለት ነው። ውጭ አገር ሰዎች ለዚህ ሥራ ውድ ሴራሚክ ይገዛሉ። እኛ መንገድ ላይ እንረግጠዋለን።

ውሃው

የቧንቧችን ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ከየትም ይምጣ ክሎሪን አለበት። ክሎሪን እኛን ይጠብቀናል፣ የዓሣን መተንፈሻ፣ ስንጥቡን፣ ግን ይልጣል። ልናሳድገው የምንፈልገውን ባክቴሪያም ይገድላል። መላው ቀላል ነው። ውሃውን ሰፊ ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ክፍቱን ሁለት ቀን አሳድሩት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ ግን አይቆጠርም፤ ክሎሪኑ መውጫ የለውም። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ ደግሞ ደቂቃም አይፈጅም።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህ ነገር ጥቅም አለው። እኛ እንደሆነ ውሃ ማጠራቀም ለምደናል።

ማቡካት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል፣ ይተነፍሳል። ከዚህ ሁሉ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። የእኔን አምስት ዓሦች የገደላቸው እሱ ነው። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ አሞኒያን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ በልተው ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፣ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይመጡና ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ካልበዛ አይጎዳም። ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል፣ እጽዋቱም ይመገቡታል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ላይ ብዙም አይንሳፈፉም። ፊልተሩ ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ፣ ሬድ አሹ ላይ፣ አሸዋው ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። አዲስ ገንዳ ውስጥ ደግሞ የሉም ማለት ይቻላል። መጠበቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊልተሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ወዲያ አይጠፋም፤ ሌሊትም። የውሃ ማሞቂያውን፣ ሂተሩን፣ 27 ዲግሪ ላይ አድርጉት። በሊትር አንድ ዋት አስቡ፤ ለ100 ሊትር 100 ዋት። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉ፣ ዓሣ ሳይኖር። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ ባክቴሪያዎቹም የሚበሉት ያገኛሉ። አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት የሚለካ የጠብታ መመርመሪያ ግዙ። ያለ እሱ ጨለማ ውስጥ እየሄዳችሁ ነው።

ሁለተኛ ዙር ስጀምር ደብተር ያዝኩ። እነሆ።

ጥቅምት 5፦ ውሃ ሞላሁ። ጥቅምት 9፦ ውሃው የሩዝ ቅቅል ውሃ መሰለ። ነጭ ጉም። ደነገጥኩ፣ ግን አልነካሁትም። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ በዝቶ ነው፤ በሳምንቱ ራሱ ጠራ። ጥቅምት 17፦ የአሞኒያ ጠብታው አረንጓዴ፣ በጣም አረንጓዴ፤ አሞኒያው በዝቷል ማለት ነው። ጥቅምት 28፦ ናይትራይት ብቅ አለ። ኅዳር 10፦ አሞኒያ ዜሮ። ጨፈርኩ። ቸኩዬ ነበር። ናይትራይቱ ያን ዕለት እንደ ቀይ ሥር ወጥ ነበር፣ ሦስት ሳምንትም እዚያው ቆየ። ይህች መሀል ላይ ያለችው ጊዜ ናት ሰውን የምታሰለቸው። ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ባዶ ገንዳ ትመግባላችሁ፣ ጎረቤት ይስቅባችኋል። ታኅሣሥ 3፦ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት አለ። ከጀመርኩ 58 ቀን።

ይህን ያህል የቆየው በብርዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሂተር አልነበረኝም። በዚያ ወር ሌሊት ሳሎኔ ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። ባክቴሪያዎቹ በዚያ ቅዝቃዜ የሚባዙበት ፍጥነት በሞቀ ውሃ ከሚባዙበት ግማሽ ገደማ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከፍታችን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። እዚህ ያለ ውሃ ጅቡቲ ካለ ተመሳሳይ ውሃ በሩብ ገደማ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ባክቴሪያውም ዓሣውም ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ የፊልተሩ መውጫ የውሃውን ፊት በደንብ ያናውጠው። ኤር ፓምፕ ጨምሩ። ድምፁ ያስጠላል፣ ግን ይለመዳል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ "ለዚህ ገንዳ 20 ዓሣ" ካለ እናንተ 14 ወይም 15 አድርጉት።

የሚያፋጥን ነገር አለ ወይ? አንድ ብቻ እመክራለሁ፤ እርሾ። ዓመት የሞላው አኳሪየም ያለው ሰው ፈልጉ፣ ከፊልተሩ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑ። እርጥቡን አምጥታችሁ ፊልተራችሁ ውስጥ አስገቡት። ሁለት ወሩ ወደ ሁለት ሳምንት ይወርዳል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት

አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ በኋላ ስድስት ትንንሽ ዓሣ፣ ከዚያ አይበልጥም። ባክቴሪያው በምግቡ ልክ ነው የሚበዛው፤ በአንድ ቀን 15 ካስገባችሁ ይደናገጣል። ለሦስት ሳምንት ቆዩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ጨምሩ።

ፌስታሉን ሳትፈቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው በስኒ የገንዳውን ውሃ ጨምሩበት። በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ አውጡ፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋ።

ሂተር ማብራት የሚከብዳችሁ ከሆነ ኋይት ክላውድ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ፈልጉ። 18 ዲግሪ ይችላል፣ የአዲስ አበባ ሳሎን ይስማማዋል። ጎልድፊሽም ብርድ ይችላል፣ ግን ያድጋል፣ ይበላል፣ ያቆሽሻል፤ ክብ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ ለዓሣ እስር ቤት ነው። ጉፒ ቆንጆ ነው። ወንድና ሴት ከገዛችሁ ግን በዓመቱ ለዘመድ አዝማድ የምታድሉት ዓሣ ይኖራችኋል።

እናቴ ስድስቱን ዓሦች አይታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ለጾም ነው?"

ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይሩ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጀሪካን ከምናምን ነው። የሚገባው ውሃ ያደረ ይሁን፣ ሙቀቱም ይቀራረብ።

አስቀያሚዎቹ ወራት

ውሃው ደረሰ ማለት ገንዳው ያምራል ማለት አይደለም። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ መስታወቱ ቡኒ አቧራ የተነሰነሰበት መሰለ። እንደ ቡና ዱቄት። ይህ ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፣ አዲስ ገንዳ ላይ ይመጣል፣ በሁለት በሦስት ወር ይጠፋል። በጨርቅ ጥረጉት፣ እንጂ መድኃኒት አትግዙ። ቀጥሎ አረንጓዴው አልጌ ይመጣል። መብራቱ በቀን የሚበራበትን ጊዜ ወደ ስድስት ሰዓት ዝቅ አድርጉ፤ የሚቻል ከሆነ በታይመር። እንጨት ካስገባችሁ ነጭ አክታ የመሰለ ነገር ይለብሳል። ያስቀይማል፣ አይጎዳም፣ ቀንድ አውጣ ይበላዋል።

እጽዋቱም መጀመሪያ ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። ብዙዎቹ ለሽያጭ የሚያድጉት ከውሃ በላይ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ የድሮውን ቅጠል ጥለው አዲስ ያወጣሉ። የሞተ መስሏችሁ አትንቀሉት። ለጀማሪ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ይበቃሉ። ሥርና ቅጠል የሚያወጣውን አግዳሚ ግንዳቸውን አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት፣ ድንጋይ ላይ በክር እሰሩት።

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ገንዳውን የሚሸጠው በዚህ ጊዜ ነው። ያገለገለ ገንዳ በርካሽ መግዛት ከፈለጋችሁ እነዚህን ሰዎች ጠብቁ።

ስፖንጁን የነካ ሁሉ

ለገና ትልቋ አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። እኔ ሥራ ዋልኩ። ማታ ስገባ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ፊልተሩ ተፈቷል። ስፖንጁ በረንዳ ላይ፣ ከፎጣዎቹ መሀል፣ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ መሆኑን ራሱ ረስቼው ነበር።

"እትዬ፣ ምን አደረጉት?"

"ኧረ ተይኝ! ጭቃ እኮ ነው የምታጠጫቸው። ነፍስ አላቸው እነሱም።"

ምን ይባላል? ቡና አፈላሁላቸው። ያ ጭቃ የ58 ቀን ሥራዬ ነበር።

ስፖንጁን ክሎሪን ማጥፊያ ባለበት ባልዲ ውስጥ አሳደርኩት። በሦስተኛው ቀን አሞኒያው ተመለሰ። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ 30 ሊትር ውሃ ቀየርኩ፣ ምግብ በሁለት ቀን አንዴ አደረግኩ። ሁለት ዓሣ ሞተ። አሸዋውና ድንጋዩ ላይ የቀረው ባክቴሪያ ነው የተረፉትን ያተረፈልኝ።

ስለዚህ፦ ስፖንጅ የሚታጠበው በወር አንዴ፣ ከገንዳው በወጣ ውሃ ባልዲ ውስጥ፣ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው። ሳሙና የለም፣ ቧንቧ የለም። ቡኒ ሆኖ ይቀራል፣ ይቅር። ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ንገሩ። እኔ አሁን ፊልተሩ ላይ "አይነካም" የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ።

መብራት ሲጠፋም የሚታሰበው መጀመሪያ ይኸው ስፖንጅ ነው። ውሃ ካላለፈበት ኦክስጅን ያልቅበታል፣ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ካላችሁ ክፈቱ። ከሌላችሁ ስፖንጁን አውጥታችሁ የገንዳው ውሃ ላይ ፊቱ አየር እንዲያገኝ አንሳፉት፣ በየግማሽ ሰዓቱም በጆግ ውሃ ቀድታችሁ ከላይ አፍስሱ። እስኪመጣ ድረስ አትመግቡ። ገንዳውን በጋቢ ብትጠቀልሉት ሙቀቱ ይቆያል።

ከፋሲካ ወዲያ

ለውጡ የሚታየው ሳይታሰብ ነው። ፋሲካ ሰሞን፣ ስድስት ወር ሲሞላ፣ መስታወት የመጥረግ ሥራዬ በሳምንት ሁለቴ ከመሆን ወደ ሁለት ሳምንት አንዴ መውረዱን አስተዋልኩ። ቡኒው ጠፍቷል። አኑቢያሱ ድንጋዩን በሥሩ አቅፎ ይዞታል፣ ክሩን ቆርጬ ጣልኩት። ናይትሬቱ ሳምንት በሳምንት በሊትር ከ20 ሚሊግራም አያልፍም። ዓሦቹ ሰው ሲመጣ መደበቅ ትተው ወደ ፊት ይመጣሉ። ዓይነተኛው ምልክት ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ ውሃ ሳልቀይር ቀረሁ፣ ምንም አልሆነም። ያልደረሰ ገንዳ ያን ይቅር አይልም።

የቀረው ግማሽ ዓመት የእናንተ ነው። ድንጋይ ታዞራላችሁ፣ አንድ ተክል ትነቅላላችሁ፣ ሦስት ዓሣ ትጨምራላችሁ። በወር ከአንድ በላይ ነገር አትለውጡ። ጥቅምት ተመልሶ ሲመጣ እኔ የማነሳው ነገር አጣሁ።

በዚያው ወር አምስተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤቴ አዲስ ገንዳ ገዝቶ መጣ። ከስፖንጄ ግማሹን ቆርጬ፣ ከገንዳዬ ውሃ ጋር በጣሳ ሰጠሁት። "ሳይደርቅ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ" ብዬ ደረጃው ላይ አሯሯጥኩት። በ11ኛው ቀን ደውሎ ሁለቱም ዜሮ መሆናቸውን ነገረኝ። ጣሳዬን ባለቤቱ ይዛልኝ መጣች። ባዶውን አልመለሰችውም፣ ሽሮ ሞልታበታለች። አመስግኜ ተቀበልኩ። በሩን ዘግቼ ግን መጀመሪያ አሸተትኩት።